ፊልሙ ካበቃ በኋላ፦ ከአንድ ወንዝ ትግል ስለ ተወለደ የፊልም ፌስቲቫል

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «የፊልም ምሽት ይዘጋጅ» የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት መስመር ይጓዛል። አንደኛው ወገን ፊልም ያላነበበውን የሚያስተምር፣ ያንቀላፋውን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ መብራት ሲበራ ዕንባውን ጠርጎ ወደ መኝታው ይሄዳል፤ ለአዳራሽ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ለመጻሕፍት ቢውል ይሻላል ይላል። ክርክሩ ያለ ማስረጃ ስለሚካሄድ እስከ ዛሬ መቋጫ አላገኘም። ስለዚህ ፊልምን ለአካባቢ ጥበቃ ትግል በማዋል ከሃያ ዓመት በላይ ልምድ ያለውን አንድ ፌስቲቫል ወስደን እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያነክስ እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፌስቲቫሉ «ዋይልድ ኤንድ ሲኒክ» ይባላል። የሚካሄደው በዩናይትድ ስቴትስ፣ በካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት፣ ኔቫዳ ሲቲና ግራስ ቫሊ በሚባሉ ሁለት ጎረቤታም ትንንሽ ከተሞች ነው። (ኔቫዳ ሲቲ በስሟ ምክንያት ኔቫዳ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለችም።) ስያሜው ወደ አማርኛ ቢመለስ «ያልተገራና ውብ» እንደ ማለት ይሆናል። ላይ ላዩን ሲያዩት ተመልካች ለመሳብ የወጣ ስም ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የሕግ ቃል ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 2 ቀን 1968 በፈረሙት ሕግ መሠረት አንዳንድ ወንዞች «ያልተገሩና ውብ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። የተመዘገበ ወንዝ በተከለለው ክፍሉ ላይ ግድብ አይሠራበትም። ካሊፎርንያም በ1972 ይህንኑ የሚመስል የራሷን ሕግ አወጣች። እንግዲህ ፌስቲቫሉ ስሙን የወሰደው ከድል ላይ ነው። ድሉ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት ግን ከፊልሙ በፊት ወደ ወንዙ መሄድ ያስፈልጋል።

ወንዙ ዩባ ይባላል። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ይነሣና ወደ ሳክራሜንቶ ሸለቆ ይወርዳል። የኒሴናን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበት የነበረ አገር ነው። በ1848 በካሊፎርንያ ወርቅ ተገኘ ሲባል ከዓለም ዙሪያ የጎረፈው ሰው መጀመሪያ አሸዋውን በሳህን ያጥብ ነበር። በ1853 በዚያው በኔቫዳ ሲቲ አጠገብ አንድ አዲስ ዘዴ ተፈጠረ፤ ይኸውም ከፍ ካለ ቦታ የመጣን ውኃ በቱቦ አጥብቦ እንደ መድፍ ተራራ ላይ መልቀቅና ተራራውን እንዳለ መናድ ነው። የተናደው አፈር በእንጨት ቦይ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና በቦዩ ወለል ላይ ባዜቃ፣ በዛሬው አጠራር ሜርኩሪ፣ ይፈስበታል። ባዜቃ ወርቅን ይዞ የሚያስቀር ፈሳሽ ብረት ነውና ደቃቁ ወርቅ ከእርሱ ጋር ይጣበቃል፤ ጭቃውና ድንጋዩ ግን ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከጭቃው ጋር ብዙ ባዜቃም አብሮ ወረደ። በካሊፎርንያ የወርቅ ዘመን እንዲህ የጠፋው ባዜቃ በሚሊዮን በሚቆጠር ኪሎግራም ይገመታል።

የወንዙ ወለል በደለል እየሞላ ከፍ አለ፤ በታች በሜሪስቪል ዙሪያ የነበሩ ገበሬዎች እርሻቸው ተቀበረ፣ ከተማቸው በጎርፍ ተመታ። ገበሬዎቹ ተሰባስበው የማዕድን ኩባንያውን ከሰሱ። ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር በጃንዋሪ 1884 ኩባንያዎቹ ደለላቸውን ወደ ወንዙ መልቀቃቸውን እንዲያቆሙ ፈረዱ። ይህ ፍርድ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ ሲኒማ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ፍርዱ ቢሰጥም ደለሉ ቀርቶ ስለ ነበር በ1941 እርሱን የሚያግት ኢንግልብራይት የተባለ ግድብ ተሠራ። ግድቡም በተራው ሳልመን የተባለው ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይራባ መንገዱን ዘጋው። አንዱን ጥፋት ለማረም የተሠራው ሌላ ጥፋት ይዞ ሲመጣ ማለት ነው።

በ1983 በደቡብ ዩባ ላይ ሌሎች የኃይል ማመንጫ ግድቦች ሊሠሩ ታቅደው ስለ ነበር ጥቂት ነዋሪዎች ተሰብስበው የደቡብ ዩባ ወንዝ ዜጎች ሊግ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱ ግን ዋናው ቁም ነገር ስለ ሆነ አልዘለውም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ለምክር ቤት አባሎች ደብዳቤ ጻፉ፣ በየችሎቱና በየስብሰባው ተቀመጡ፣ ውኃውን ለኩ፣ መዋጮ ለመኑ። ተቃዋሚም ነበራቸው። በታች ያሉት በ1986 እና በ1997 ጎርፍ የጎዳቸው ወረዳዎች የጎርፍ መከላከያ ግድብ የመሥራት በር እንዳይዘጋባቸው ይሰጉ ነበርና ተቃውሟቸው ተራ የጥቅመኞች ጩኸት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በመጨረሻ በ1999 አገረ ገዢው ግሬይ ዴቪስ የደቡብ ዩባን 39 ማይል፣ ማለትም 63 ኪሎሜትር ያህል፣ «ያልተገራና ውብ» የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ።

ፌስቲቫሉ የተጀመረው ከዚህ በኋላ በ2003 ነው። ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ያሻል። ማኅበሩ ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ አባሎቹን አደራጅቶ፣ ሕጉን አስወጥቶ ካበቃ በኋላ ነው ፊልም ማሳየት የጀመረው። ስለ ፌስቲቫሉ የሚነገረው «ንቅናቄ የሚቀሰቀስበት» የሚል መፈክር ሲነበብ መጀመሪያ ፊልሙ መጥቶ ሕዝቡን ያነቃ፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ወንዙን ያዳነ ይመስላል። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ታዲያ የተደራጀ ሕዝብ ፊልም ምን ያደርግለታል? አሠራሩን እንመልከት። በየዓመቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በጃንዋሪ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በፌብሩዋሪ፣ በሁለቱ ከተሞች ለጥቂት ቀናት ብዙ ፊልሞች በተለያዩ አዳራሾች ይታያሉ። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለ ወንዝና ስለ ውቅያኖስ፣ ስለ ነባር ሕዝቦች የመሬት መብት፣ ስለ እርሻና ስለ አየር ጠባይ ለውጥ የሚናገሩ አሉ፤ ከእነርሱ ጎን ተራራ ስለሚወጡ፣ በካያክ ጀልባ ገደላማ ወንዝ ስለሚወርዱ ሰዎች የተሠሩ የጀብዱ ፊልሞች ይቀርባሉ። ጀብዱው ለማባበያ ጭምር ነው፤ ስለ ደለል ክምችት የሚናገር ፊልም ብቻውን ቢለጠፍ ማን ይመጣል? ሥራውን በአብዛኛው የሚያካሂዱት የከተማው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከፊልሙ በኋላ አዘጋጁ ወይም በፊልሙ ውስጥ የታየው ሰው ወጥቶ ከተመልካቹ ጋር ይነጋገራል። አዳራሹ ውጪ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ የማኅበር ሰው አለ።

ይህ ጠረጴዛ ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳ ይመስለኛል። ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ልቡ የተነካበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ሌሊቱ ሲያልፍ ስሜቱም አብሮ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ስሙን የሚመዘግብ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በወንዙ ዳር ቆሻሻ ለመልቀም የሚቀጥረው፣ ለእገሌ የምክር ቤት አባል ይህን ደብዳቤ ፈርም የሚለው ሰው ካገኘ ስሜቱ ሥራ ይሆናል፤ ካላገኘ በኖ ይቀራል። ከላይ የጠቀስኩት ሁለተኛው ወገን «ዕንባውን ጠርጎ ይሄዳል» የሚለው ጠረጴዛ ስለሌለበት አዳራሽ ከሆነ እውነት አለው።

ፌስቲቫሉ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የዙር ትርኢት አደራጅቷል። በሌላ ከተማ ያለ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር የማሳያ ክፍያ ከፍሎ ከፌስቲቫሉ ፊልሞች መካከል ለራሱ ችግር የሚስማማውን ይመርጣል፤ በራሱ አዳራሽ፣ በራሱ ስም ያሳያል፤ የመግቢያ ገንዘቡንና አዲስ የተመዘገቡትን አባሎች ለራሱ ያስቀራል። በዓመት በብዙ ከተሞች እንዲህ ያለ ምሽት ይካሄዳል። ፊልሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ጠረጴዛው የአካባቢው ነው።

እርግጥ ነው፣ የተራራና የተፈጥሮ ፊልም ፌስቲቫል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የኢጣልያው የትሬንቶ ከ1952፣ የካናዳው የባንፍ ከ1976፣ በዋሽንግተን ከተማ የሚካሄደው የአካባቢ ፊልም ፌስቲቫል ከ1993 ጀምሮ አሉ። የዩባው ለየት የሚለው ባለቤቱ የሲኒማ ሰው ሳይሆን የወንዝ ማኅበር በመሆኑ ነው።

አሁን ከካሊፎርንያ ወደ ጃፓን እንሻገር፤ የሚያሻግረን ያው ባዜቃ ነው። ደግሞም ፊልምና የተደራጀ ሕዝብ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከዩባ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ሚናማታ የተባለው የዓሣ አጥማጆች አገር ነው። እዚህ ላይ ትምህርቴ ስለሚረዳኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይታገሠኛል።

ባዜቃ በንጹሕ ብረትነቱ ቢዋጥ ከአንጀት ብዙም ወደ ደም አይገባም። አደገኛው ተንፋሎቱ ነው። ከወርቅ ጋር የተጣበቀውን ባዜቃ በእሳት አግሎ ወርቁን የሚለይ ሰው ተንፋሎቱን ይስባል፤ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይደርሳል፤ መንቀጥቀጥን፣ የጠባይ መለወጥን፣ የኩላሊት ጉዳትን ያስከትላል። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ስውር ነው። በወንዝና በባሕር ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ባዜቃውን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህን ደቂቅ ነፍሳት ይበሉታል፣ እነርሱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ ይበላል፤ በየደረጃው መጠኑ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ውኃው ኩልል ያለ ሆኖ ዓሣው የተመረዘ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ሰው ዓሣውን ሲበላ ሜቲል ሜርኩሪ ከምግብ ፕሮቲን ቁራጭ ጋር ተጣብቆ ራሱን እንደ ምግብ ያስመስልና የአንጎልን መከላከያ ያልፋል፤ በእንግዴ ልጅም በኩል ወደ ፅንስ ይገባል። ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይንገዳገዳል፣ ዓይን በቀጥታ ያለውን እያየ ግራና ቀኙን ማየት ይሳነዋል፣ ጆሮ ይደክማል፣ አንደበት ይተሳሰራል። እናቲቱ ጤነኛ መስላ የምትወልደው ልጅ አንጎሉ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። በዩባ ወንዝ በኢንግልብራይት ሐይቅ ከሚገኙት አንዳንድ ዓሦች ብዙ እንዳይበላ ዛሬም ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከወርቁ ዘመን አንድ መቶ ሰባ ዓመት በኋላ!

በሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ችሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ከባዜቃ ጋር የተቀላቀለ ፍሳሽ ይለቅ ነበር። ሜይ 1 ቀን 1956 ምንነቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ መከሰቱ ለጤና ጥበቃ ተነገረ። የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ቀላቅለው ለድመት ቢያበሉ ድመቷ ያንኑ በሽታ ታመመች። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀው። መንግሥት የበሽታው መንስኤ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን በይፋ ያመነው በሴፕቴምበር 1968 ነው። ዘጠኝ ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጅ ተወለደ?

ቱሺሞቶ ኖሪያኪ የተባለው የፊልም ሠሪ ወደ ሚናማታ ሄዶ በ1971 «ሚናማታ፦ ተጠቂዎቹና ዓለማቸው» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አወጣ። በፊልሙ ውስጥ በሽተኞቹ የሚታዘንላቸው ምስኪኖች ብቻ ሆነው አልቀረቡም፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ። ከሁሉ የማይረሳው ክፍል በሽተኞቹና ደጋፊዎቻቸው ከኩባንያው አንዳንድ አክሲዮን ገዝተው በ1970 በኦሳካ ወደ ተካሄደው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ የገቡበት ነው። አንድ አክሲዮን የጉባኤ በር ትከፍታለችና ያችን ገዝተው የኩባንያውን አለቆች ፊት ለፊት ገጠሟቸው። ፊልሙ ይህን ያየው ከሩቅ ቆሞ አይደለም፤ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ገብቶ ነው።

ቱሺሞቶ ግን በዚህ አላበቃም። በ1974 እና በ1975 ስለ በሽታው የሕክምና ገጽታ ብቻ የሚያስረዱ ሦስት ተከታታይ ፊልሞች ሠራ። ቀጥሎም በ1977 ፊልሞቹን ይዞ የሺራኑይ ባሕርን ዳርቻ ለወራት ከመንደር መንደር እየዞረ አሳየ። ለምን ቢባል፣ በሽታው እንዳለባቸው ያላወቁ፣ ወይም እያወቁ የመንደራቸው ዓሣ ገዢ እንዳያጣ በመፍራት ወይም በኀፍረት ዝም ያሉ ዓሣ አጥማጆች ስለ ነበሩ ነው። የጣቱን መደንዘዝ እርጅና ነው ብሎ የተወ ሽማግሌ የእርሱን የሚመስል እጅ በሸራው ላይ ሲያይ «ይህማ የኔ ነው» ማለት ይጀምራል። እንደ ሐኪም ባየው ከብዙ የጤና ትምህርት ሰሌዳ የሚበልጥ ሥራ ነው። እስከ ዛሬ በይፋ የበሽታው ተጠቂ ተብለው የተመዘገቡት ከ2200 በላይ ናቸው፤ ካሳ የጠየቁት ከዚህ እጅግ ይበዛሉ፤ በአንዳንዱ ላይ ክርክሩ አሁንም አላለቀም። በ2013 የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የባዜቃ ዓለም አቀፍ ስምምነት በዚያች ከተማ ስም ሚናማታ ተብሎ ይጠራል።

ዩባንና ሚናማታን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን የያዘው እጅ የራሱ የተጎጂው ወይም ከተጎጂው ጋር የቆመ ሰው እጅ ነበር። ይህ ሳይሆን ሲቀርስ?

የጀብዱ ፊልሞችን እንውሰድ። የእኛ ዓባይ ለዚህ ዓይነት ፊልም የተፈጠረ ይመስላል። በ2003 መጨረሻ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከዓባይ መነሻ ተነሥተው በጀልባ ገደሉን ሁሉ አልፈው በኤፕሪል 2004 ሜዲትራንያን ባሕር ደረሱ። 114 ቀን ፈጀባቸው። ስለ ጉዞው «የናይል ምስጢር» የተባለ የትልቅ ሸራ ፊልም በ2005 ወጣ። የጀግንነት ሥራ መሆኑን አልክድም፤ በገደሉ ውስጥ የሚኖረውን ሰው የሚያውቅ ሁሉ ያደንቃቸዋል። ነገር ግን በታንኳ ወይም በዋና ዓባይን የሚሻገረው የጎጃምና የወሎ ገበሬ ለገበያ፣ ለዘመድ ለቅሶ፣ ለማገዶ ሲል ይህንኑ ውኃ በየጊዜው ይገጥመዋል፤ ፊልም የሚሠራለት የለም። የጀብዱ ፊልም በተፈጥሮው የሚያየው መጥቶ የሚሄደውን ሰው ነው። ወንዙ ለእንግዳው መፈተኛ ነው፤ ለባላገሩ ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ የአካባቢና የጀብዱ ፊልሞች ለተራራና ለጉዞ ልብስና ዕቃ በሚሸጡ ኩባንያዎች ወጪ ይሠራሉ። በ2014 የወጣው «ዳምኔሽን» የተሠራው በልብስ ኩባንያው በፓታጎንያ ወጪ ነው። ስለ ግድብ መፍረስ የሚናገር፣ በእኔ ግምት ጥሩ ፊልም ነው፤ በካሊፎርንያ ማቲሊሃ በተባለው ግድብ ግንብ ላይ በሌሊት ትልቅ መቀስ የሳሉትን ሰዎች ሥራ ያየ አይረሳውም። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ የሚታየው የኤልዋ ወንዝ ግድቦች መፍረስ የፊልም ውጤት አይደለም። የክላላም ነባር ሕዝብ ለረዥም ዘመን ታግሎ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ሕግ አውጥቶለት፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ያህል ጠብቆ የተፈጸመ ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ የስኔክ ወንዝ አራት ግድቦች እንዲፈርሱ የፊርማ ዘመቻ ተካሄደ፤ ግድቦቹ ግን እስከ ዛሬ ቆመዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «አንተ ኢትዮጵያዊ ሆነህ ግድብ ማፍረስን ታወድሳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ከገበሬው እስከ በውጭ እስካለነው ቦንድ ገዝተን፣ አዋጥተን ያቆምነው ነው። ካሊፎርንያ ከአንድ ሺህ በላይ ግድብ ሠርታ፣ መብራቱን አብርታ፣ እርሻዋን አጠጥታ ካበቃች በኋላ ከቀሯት ወንዞች አንዱን ልተወው ማለቷና በጭስ ታፍና እንጀራ የምትጋግር እናት ያለችበት አገር መብራት እሻለሁ ማለቱ አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። የጭሱን ነገር በየሳንባ ክፍሉ የምናየው ስለ ሆነ ለእኔ ተራ ምሳሌ አይደለም። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣውን ፊልም እንዳለ ተቀብሎ «ግድብ ሁሉ ክፉ ነው» ብሎ መውጣት የሰውን መድኃኒት ለራስ በሽታ እንደ መውሰድ ነው። ያም ሆኖ በግድብ ምክንያት ከቦታው የተነሣው ሰው፣ ጎርፉ የቀረበት የወንዝ ዳር አራሽ፣ ጥያቄው በእኛም አገር ያለ ነው፤ ግድቡን ወደድነው ብለን ጥያቄውን መዝጋት አይገባንም።

ፊልሙን የያዘው እጅ ምን ያህል እንደሚወስን ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1973 የወሎ ረሃብ በተደበቀበት ጊዜ መጀመሪያ ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሳዩት የራሳችን መምህራን ነበሩ፤ ተማሪውም በዚያ ተነሣሣ። ከወራት በኋላ ኦክቶበር 18 ቀን 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «የማይታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ከዚያም ብዙ የዕርዳታ ገንዘብ ተሰበሰበ። ያው ፊልም ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በመሐሉ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት የሚያሳዩ ሥዕሎች ተቆርጠው ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። አንዱ ፊልም ለንደን ላይ የእህል መግዣ፣ አዲስ አበባ ላይ የሥልጣን መረከቢያ ሆነ። በሥዕሉ ውስጥ የነበረው የወሎ ሰው ግን የትኛውንም አልወሰነም። ከአሥር ዓመት በኋላም እንደገና ተራበ።

ወደ ማኅበራችን ጉዳይ ልመለስ። የፊልም ምሽቱ ይዘጋጅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን በሩ ላይ ጠረጴዛ እንዲኖር እጠይቃለሁ። ለዚህም ቅርብ የሆነ ርእስ አለን። በአገራችን በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣው ወገናችን ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ባዜቃም በአንዳንድ አካባቢ አብሮ እየገባ ነው። በጉጂ የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ ነዋሪዎች የጤና ጉዳት ደረሰብን ብለው በመነሣታቸው ፈቃዱ በሜይ 2018 ታግዶ እንደ ነበርና በ2021 ሥራው እንዲቀጥል መፈቀዱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ጉዳይ ከባዜቃ የተለየና የራሱ ክርክር ያለበት ነው፤ ሆኖም ወርቅና ጤና በእኛም አገር የተጋጠሙ መሆናቸውን ያሳያል።

ስለዚህ ለባህል ክፍሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከቱሺሞቶ የሚናማታ ፊልሞች አንዱ ይታይ። ጃፓንኛ ነው፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር አለው፤ ረዥም ስለ ሆነ የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ቢቀርቡ ይበቃል፤ በየመሐሉ አንድ ሰው በአማርኛና በኦሮምኛ ቢያስረዳ መልካም ነው። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ባዜቃን ያለ ጭስ ስለማቃጠል፣ በተለይም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ወደ ማቃጠያው እንዳይቀርቡ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ በየቋንቋው እናዘጋጃለን። ወርቅ ከሚወጣበት አካባቢ የመጡ አባሎቻችን ዕረፍት ወደ አገር ሲገቡ ጽሑፉን ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ያደርሱታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ የሚሆን ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።